የመሪጌታ አስተርጓሚ

መሪጌታ ባምላኩ ስትሮክ መቷቸው ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኗል፤ አፋቸው ተጣሟል፤ አማርኛም ጠፍቶባቸዋል። የቀራቸው ግዕዝ ብቻ ነው።

«ያጋጥማል» አለ ሐኪሙ። «አንዱ ቋንቋ ይጠፋል፣ ሌላው ይተርፋል። ትን ስለሚላቸው ግን ምግብም ሆነ ውሃ ቀስ ተብሎ፣ በማንኪያ። አሰጣጡን ለልጃቸው አሳይቻታለሁ።»

አማን ከተማ ውስጥ ግዕዝ የሚሰማ ሰው ከየት ይምጣ? ሰፈሩ ቤንችኛ ያወራል፣ ካፍኛ ያወራል፣ ገበያ ላይ በአማርኛ ይግባባል። መሪጌታ ከጎጃም መጥተው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ተማሪዎቻቸው ግን ከተበተኑ ቆይተዋል። የደብሩ ቄስ መጥተው ጆሯቸውን ቢያስጠጉም ቃሉ ተኮላተፈባቸው። «ቅዳሴ ቢሆን እከተላቸው ነበር» ብለው አዝነው ሄዱ።

አንድ ልጃቸው ውድነሽ አርባ ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ አላገባችም። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ አንሶላቸውን በየቀኑ ትቀይራለች። ጎረቤቷ ማናልሞሽ «እንዲህ ያለ ልጅ ለእኔም ይስጠኝ» ትላለች።

በሽተኛው ቀኑን ሙሉ ይናገራሉ። ዓይናቸው ከአንዱ ጠያቂ ወደ ሌላው ይንከራተታል።

«ምን እያሉ ነው?» ይላል ሰው።

«ምኑን አውቄ? ግዕዝ ለሴት ምን ይረባታል ብለው አላስተማሩኝም» ትላለች ውድነሽ ፈገግ ብላ። «ጸሎት ይመስለኛል።»

ጠያቂዎቹም አሜን ይላሉ።

መሪጌታ እየከሱ ሲሄዱ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ተካ ቴፒ ደወሉ። እዚያ የቡና ችግኝ የሚያፈላ እንድርያስ የሚባል የቀድሞ ተማሪ አለ። ከሁሉም የላቀው እሱ ነበር፤ ውድነሽን ለትዳር ሲጠይቅ ግን መሪጌታ በሰው ፊት በከዘራ ደብድበው አባረውታል።

«ምነው ሰው ባታደክሙ» አለች ውድነሽ።

እንድርያስ መጣ። መሪጌታ ሲያዩት እንባቸው ወረደ።

«ወልድየ፣ ለምንት ጐንደይከ?»

«ልጄ ለምን ዘገየህ ነው የሚሉት» አለ እንድርያስ። ማናልሞሽ ዓይኗን አበሰች።

ከዚያ መሪጌታ ረጅም ነገር ተናገሩ። እንድርያስ ጎንበስ ብሎ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ቀና ሲል ያየው ውድነሽን ነው።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ተካ።

«ጠማኝ ነው የሚሉት። ሰው ካለ ማንኪያውን አፌ ታደርሳለች፣ በሩ ሲዘጋ ውሃውን ዓይኔ እያየ መሬት ትደፋዋለች፣ ከዚህ ቤት አውጡኝ ይላሉ።»

ውድነሽ አልጮኸችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እንድርያስ፣ ያኔ እምቢ ያሉህ አባዬ ናቸው። እኔን ለምን ታሳድደኛለህ?»

«እኔ የተናገሩትን ነው የተናገርኩት!»

«እንዴ! ያሳደገችውን ልጅ!» አለች ማናልሞሽ፤ ማን ማንን እንዳሳደገ እንኳ ተምታታባት። «እኛ ስናይ አይደል እንዴ የምታጎርሳቸው?»

«እሺ፣ እዩት በቃ!» እንድርያስ ብርጭቆ አንስቶ ውሃውን አፋቸው ላይ ደቀነ። መሪጌታ ሙጭጭ ብለው ጠጡ፤ ወዲያው ትን አላቸው። ዓይናቸው ፈጦ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ።

«ሊገድላቸው ነው!»

አቶ ተካ በከዘራ ጀርባውን አሉት። ውጭ የነበሩ ወጣቶች ገብተው እየጎተቱ አወጡት፤ መነጽሩ ከእግራቸው ሥር ተሰባበረ። ጭቃው ላይ ወድቆም «እውነቴን ነው» ይል ነበር። አንዱ አፉን በርግጫ መታው።

ውድነሽ ጀርባቸውን ስትመታላቸው የመሪጌታ ትንፋሽ ተመለሰ። በደህናው እጃቸው ወደ በሩ እየጠቆሙ፣ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ።

«አያችሁ ሲረግሙት» አለች ማናልሞሽ።

«ሁለተኛ እዚህ ሰፈር ድርሽ አይልም» አሉ አቶ ተካ። «የኔ ልጅ፣ ስለደፈርንሽ ይቅር በይን። ከእንግዲህ አስተርጓሚ የሚባል በዚህ በር አይገባም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ውድነሽ፣ እያነባች።

አንድ በአንድ አቅፈዋት ወጡ። በሩን ቆለፈች፤ መስኮቱንም ዘጋች። ፊቷን ጠረገችና የአባቷ ራስጌ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አሁን ማን ይሰማሃል?» አለችው፤ በግዕዝ።