የአባባ ቀኝ እጅ

ሽባ እጅ የሚያንቀሳቅስ ሰርቨር ላይ ፕሮግራም የሚጭን ስክሪፕት የጻፈ ሰው፣ መጀመሪያ በገዛ ቤተሰቡ ላይ እንዲሞክር ሕጉ ያስገድዳል። ምንትዋብም ላፕቶፗን ይዛ አባቷ ፊት ተቀመጠች። የልብስ ሰፊው የአቶ ዳምጠው ቀኝ እጅ የሚታዘዘው በሰርቨሩ ነው፤ የአርባ ዓመት የስፌት ልምዳቸውም የተቀመጠው እዚያው ነው።

እናቷ ከአባቷ ፊት የሻዩን ብርጭቆ አንስታ በፕላስቲክ ኩባያ ቀየረችው።

«ዛሬም አላመንሽኝም?» አለቻት ምንትዋብ።

«አንቺንስ አምንሻለሁ፤ ብርጭቆ ነው ያለቀብኝ።»

«የዛሬው ስክሪፕት እንደ በፊቱ አይደለም፤ ሲጭን ለሚጠየቀው ሁሉ ራሱ ይመልሳል» አለች ምንትዋብ ኮራ ብላ፤ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ተጫነችው።

ስክሪኑ ላይ ጥያቄና መልስ ተግተለተለ። አንዱ ጋ ስትደርስ ደግማ አነበበችው። «የቀድሞው ልምድ ይጥፋ?» ይላል፤ ከሥሩ ስክሪፕቷ «እሺ» ብሏል።

አባቷ በቀኝ እጃቸው ኩባያውን አነሱ። ጠብታ አልፈሰሰም።

«ጎበዝ ልጄ! ብርጭቆውን መልሱልኝ» አሉ እየሳቁ።

ከዚያ ጭናቸው ላይ ያለውን ያልተጨረሰ ቀሚስ ሳብ አድርገው መርፌውን አነሱ። እጁ መርፌውን አጥብቆ ያዘ። መስፋቱን ግን አልቀጠለም።

አቶ ዳምጠው እጃቸውን ቤት እንደመጣ እንግዳ ትኩር ብለው አዩት።

«ምንቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄ የማን እጅ ነው?»