ቀይ ጨርቅ ያለው ዱላ

ካገባች ወዲህ የባሏን ቤት ከላይ እስከ ታች ቀይራዋለች። ከሟች የመጀመሪያ ሚስቱ የቀረው ጓሮ ውስጥ ያለው፣ በብርዱ ወራት ሰላጣን ከውርጭ የሚጠብቀው ባለመስታወት ሣጥን ብቻ ነበር። እሱንም ፈልጣ አቃጠለችው። ሟቿ ቀይ ጨርቅ ጠምጥማበት እኩለ ቀን ላይ ሣጥኑን ለማናፈስ ክዳኑን የምትደግፍበትን ዱላ ሳይቀር እሳት ውስጥ ጨመረችው።

ከዚያ በገዛ እጇ አዲስ ሠራች። አራት ሳንቃ ገጥማ፣ የኋላውን ከፍ የፊቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ፀሐይ አዞረችውና ከላይ አሮጌ መስኮት ከደነችበት። ሰላጣው ለመለመ።

«ጎበዝ!» አላት ባሏ ምሳ ላይ ቅጠሉን እያኘከ። «ማናፈሱንም አልረሳሽውም። እሷም በዚሁ ሰዓት ነበር የምትከፍተው።»

«ደግሞ እሷ! እኔ ከፍቼው አላውቅም። ተከፍቶ ሳየው አንተ የከፈትከው መስሎኝ ነበር።»

«ኧረ እኔ እጄንም አላስገባሁበትም! በሞተ ሰውም ይቀናል እንዴ፣ የኔ እመቤት?»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። መዶሻ ይዛ ወጣችና ክዳኑን ዙሪያውን በሚስማር መታችው።

«እስቲ አሁን ትክፈተው» አለች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ልታየው ሄደች። ሚስማሮቹ እንደተመቱ ናቸው። መስታወቱን ከውስጥ እንፋሎት ስለሸፈነው ጎንበስ ብላ አጮለቀች። ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ዱላ ሰላጣው መሐል ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ክዳኑን ነክቷል።

«የኔ እመቤት!» ሲል ባሏ ከቤት ተጣራ። «ክፈቺው እንጂ፣ ፀሐዩ በረታ!»

እሷ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። የመጀመሪያው ሚስማር ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።