የመምህር በእምነት አራት ደቂቃ

ዕዝራ ጂንካ ገበያ አጠገብ ሠርግና ምርቃት እየቀረጸ የሚያድር ሰው ነው። ላፕቶፑ አሮጌ፣ ሶፍትዌሩ ከሰው የተገለበጠ፣ ቪዲዮ የሚያስጌጥበት ቴምፕሌት ሁሉ ከኢንተርኔት በነፃ የወረደ ነው። በነፃ ቴምፕሌት ያልተዳረ ሙሽራ ጂንካ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ያው ልብ፣ ያው ርግብ፣ ያው የሚበተን አበባ በሁሉም ላይ ያልፋል፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

በሥራው አንድ ሕግ አለው። ሰው የሚያለቅሰው ሲያይ ነው፤ ድምፅ ማጀቢያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሳምሪ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ መጥታ አንዲት የስልክ ሚሞሪ ሰጠችው። የአክስቷ የወይዘሮ ብዙወርቅ ልጅ መምህር በእምነት ዱስ በምትባል የኦሞ ዳር መንደር ሲያስተምር ወባ ገድሎታል። በሕይወት ሳለ፣ እዚያ ኔትወርክ አልሠራ ስላለው፣ የፋሲካ ሰላምታውን በስልኩ ቀርጾ ሚሞሪዋን ገዘር ከተማ ላሉት እናቱ በመኪና በሚመጣ ሰው ልኮላቸው ነበር። አራት ደቂቃ ናት። ስልኩ ከዕቃው ጋር ስላልመጣ ለእናትየው የቀረቻቸው እሷው ብቻ ናት። እሑድ ሙት ዓመቱ ነው።

"ንፋሱ ያስቸግራል፣ ጋሼ ዕዝራ" አለችው ሳምሪ። "እሱን ብታስተካክልልን ይበቃናል። ደግሞ አደራ፣ ሌላ ቅጂ የለንም።"

ዕዝራ ከፍቶ አየው። ልጁ ኦሞ ዳር ቆሞ ይስቃል። መልኩ ያምራል። ችግሩ ወሬው ነው። "እማ፣ ይኼ ወንዙ ነው፣ ዛሬ ደፍርሷል። ማዶ ሁለት ሰዎች በታንኳ እየተሻገሩ ነው። ያንን የገዛሽልኝን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ትንሽ ከስቻለሁ፣ ጺሜም አድጓል" እያለ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራል። የመምህር ነገር፣ አለ ዕዝራ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ራሱ ጮክ ብሎ ካላነበበ ተማሪ የገባው አይመስለውም። በዚያ ላይ ንፋሱ ያፏጫል። ስለዚህ ድምፁን ድራሹን አጠፋና ለሙት ዓመት የሚሆን ነፃ ቴምፕሌት አወረደ። ሻማ አለው፣ ነጭ አበባ አለው፣ ሆድ የሚያባባ ፒያኖም አለው።

ሥራው ሲያልቅ ግን በየጥቂት ሰከንዱ የቴምፕሌቱ ባለቤት ስም በነጭ ፊደል ብቅ እያለ በልጁ ፊት ላይ ይጋደም ጀመር። ፊደሉን ለማጥፋት በዶላር ካርድ ክፈል ይላል። የዶላር ካርድ ያለው ሰው ዕዝራ አያውቅም። ቪዲዮውን እንዳለ ለወዳጁ ለፎቶ አንሺው ለልዑል በቴሌግራም ልኮ ምን ላድርግ አለው። ጽሑፍ የሚያጠፋ ነፃ ፕለጊን አይጠፋም፣ ፈልግ፣ ሲል መለሰለት ልዑል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዕዝራ የመጀመሪያውን ያገኘውን ፕለጊን አወረደና ጫነ። ሚሞሪዋ ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካች ነበረች።

ፕለጊን የተባለው ቫይረስ ነበር። የላፕቶፑም የሚሞሪዋም ፋይል ሁሉ ስሙ ተለዋውጦ አልከፈት አለ። ዕዝራ አጥፍቶ አበራ፣ አሁንም አጥፍቶ አበራ። ከዚያ ሁለቱንም ይዞ ኮምፒውተር ጠጋኙ ጉታ ዘንድ ሮጠ። ጉታ ግማሽ ቀን ሲጎረጉር ቆይቶ ቀና አለ።

"ይኼ አይመለስም፣ ዕዝራ። በከንቱ አትድከም።"

ዕዝራ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። የእናትየውን ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ የገደለው እሱ መሰለው።

ለልዑል የላከው ትዝ ሲለው ማክሰኞ መሽቶ ነበር። ፊቱ ላይ ፊደል የተጋደመበት፣ ድምፁ በፒያኖ የተተካ ያ ቪዲዮ ልዑል ስልክ ውስጥ ደህና ተቀምጧል። የልዑልን ላፕቶፕ ተዋሰና ከረቡዕ ጀምሮ፣ መብራት በመጣ ቁጥር፣ ፊደሉን ከልጁ ፊት ላይ በእጁ ይፍቅ ገባ። ቅንድቡን ሲያጠራ አፍንጫው ይደበዝዛል። አፍንጫውን ሲያስተካክል መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ እንደገና ከቅንድቡ ይጀምራል። የሠርግ ሥራ መጣለት፣ መለሰ። ምሳ መብላት ተወ።

አርብ ወይዘሮ ብዙወርቅ ራሳቸው ከገዘር ደወሉ።

"ልጄ፣ እማ ብሎ የሚጠራኝ ቦታ አለ አይደል?"

"አለ፣ እማማ" አለ ዕዝራ፣ የልጁን ከንፈር እያየ። "ፊቱም እየጠራ ነው።"

መረቁትና ዘጉት። እውነቱን ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፤ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ልጁ ቅንድብ ተመለሰ። ደግሞስ ምን ጎደለ፣ ሲል ራሱን አጽናና። የጠፋው ንፋስና ወሬ ነው፣ ልጁ ተርፏል።

ቅዳሜ ረፋድ የመጨረሻዋ ፊደል ጠፋች። ዕዝራ እንባው መጣ። ወዲያው ሳምሪ አክስቷን ከሚኒባስ ተቀብላ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ደፉ ላይ ቀስ በይ እያለች አስገባቻቸው። ሐዘን ጉልበት ይሰብራል፣ አለ ዕዝራ በልቡ። ወንበሩን ስክሪኑ ፊት ለፊት አስጠግቶ አስቀመጣቸውና ከፈተው።

ሻማው በራ። ፒያኖው ጀመረ። በእምነት በሰማያዊ ሸሚዙ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ጭረት ሳይኖር፣ ለእናቱ ይስቅ ጀመር። ዕዝራ ስክሪኑን ትቶ እናትየውን ያይ ነበር። ወይዘሮ ብዙወርቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ጠበቁ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሳምሪ ዕዝራን ቀና ብላ አየችው።

"መልኩንማ ዓይኔ ሳይጠፋ፣ ሕፃን ሳለ አይቼዋለሁ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ፤ "ሙዚቃውን ቀንስና እሱን አሰማኝ።"