የ«በፊት» ፎቶ

የፕሮጀክቱ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው ለለጋሾች የሚላኩ ሁለት ፎቶዎች ሊያነሳ ነው። «በኋላ» የሚባለው ወዲያው አለቀ። ገበሬው ጋሽ ምናሉ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የእህል ዋጋ የሚናገረው መተግበሪያ ጠዋት የተጫነበትን ስልክ ይዘው ፈገግ አሉ።

«አሁን ደግሞ ለ‹በፊቱ› የተቀደደ ነገር ይልበሱልኝ» አላቸው። «ሰው ይህን መተግበሪያ ሲያገኝ ከድህነት እንደሚወጣ ማሳየት አለብን።»

«የተቀደደ የለኝም።»

ጎረቤት ሁሉ ተጠየቀ። ቀዳዳ ያለው ልብስ ከመንደሩ ታጣ። ባለሙያውን ላብ አጠመቀው። ጋሽ ምናሉ ግን ዐይናቸውን ከባለሙያው ሱሪ ላይ አልነቀሉም። ውድ ጂንስ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ተተልትሏል።

«ያንተው ይሆነኛል» አሉ።

ተቀያየሩ። ባለሙያው የእሳቸውን ጋቢ አገልድሞ አነሳቸው። ድህነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ፎቶዎቹን መርጦ ሲጨርስ የጋሽ ምናሉ ባለቤት ሱሪውን አጥፈው ይዘውለት መጡ።

«ቀዳዳውን ሰፍቼልሃለሁ፣ ልጄ» አሉት። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት፦

«አንተስ፣ መተግበሪያውን አልሰጡህም እንዴ?»