ለእትዬ ዝማም የተብራራው ክፍያ

በአዲሱ ሕግ ገዢው የአንድ ክፍያ ምክንያት ካልገባው ሻጭ ያንን ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ሲገባው ብቻ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያለው መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። መኪና ሻጩ ገላውዴዎስ በመኪናው ዋጋ ላይ የተጨመረው «የአስተዳደር ክፍያ» ምን እንደሆነ ለእትዬ ዝማም ሲያስረዳ መሸበት። ሁልጊዜ አምሽቶ ስለሚገባ ትንሿ ልጁ «እንግዳው» ትለዋለች፤ ዛሬ ደግሞ ልደቷ ነው።

«ለፋይል፣ ለሰሌዳ፣ ለእጥበት...»

መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

«እጥበቱማ በነፃ ነው አላልከኝም ልጄ?»

ገላውዴዎስ በረጅሙ ተነፈሰ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እርስዎን ለመሳብ በማስታወቂያው ላይ ዋጋ እንቀንሳለን፤ የቀነስነውን በዚህ ክፍያ እናስመልሳለን።»

አረንጓዴ በራ።

«ተመስገን! ገባዎት፤ አሁን ይከፍላሉ?»

«ስለገባኝ እኮ ነው የማልከፍለው!»

ሳቁ አመለጠው። ክፍያውን ሰረዘና ቁልፉን ሰጣቸው።

«በሉ እትዬ፣ በአዲሷ መኪናዎ ቤቴ ያድርሱኝ፤ ኬኩ ሳይቆረስ።»