ብስክሌት ያስተማረው ሰው

ታናሽ ወንድሙ ይትባረክ ለአእምሮ ሕሙማን ሲል ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ ብስክሌት ነድቶ ዛሬ ይገባል። «ሕሙማንን አንደብቅ» የሚል ከናቴራ መልበሱን እናታቸው በበሩ ስንጥቅ ነገረችው።

ታላቅየው ጓሮ ካለችው ክፍል ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ቁልፉ በውጭ ነው።

«ያስተማርኩት እኔ!» አለ። «እሱ በወደቀ ቁጥር አባባ የሚገርፈው እኔን ነበር። አንድ ቀን ስሜን አንስቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ያነሣኛል፤ ይከፍትልኛልም።» ፀጉሩን በውሃ አበጠረ።

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ድምፅህን አታሰማ፣ የኔ ጌታ።»

«ራሱ ይጠራኛል፣ እማዬ። ቆይ ታያለሽ!»

ይትባረክ ግቢው ሲገባ የተነሣው እልልታ ጋብ ሲል የአንድ ጋዜጠኛ ጥያቄ በድምፅ ማጉያው ጓሮ ድረስ ተሰማ።

«ለመሆኑ ብስክሌት ማን አስተማረህ?»

«ታላቅ ወንድሜ» አለ ይትባረክ።

ታላቅየውም በሩ ላይ ተለጠፈ፤ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ።

«ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳሁት ለሱ መታሰቢያ ነው። በዚሁ ሕመም ከሞተ ሦስት ዓመቱ።»

«ነፍስ ይማር!» አለ ግቢው ሁሉ ባንድ አፍ።

ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሀል የእናቱን ለየው።