ስልኬን የሰረቀው ልጅ

አባዬ እስከ ፈተና ድረስ ስልኬን ሊቀማኝ መሆኑን ስሰማ፣ ጓደኛዬ ሳምራዊት ቤት ደብቄው መጣሁና «ታክሲ ውስጥ ተሰረቅኩ» አልኩት። ትንሽ ተቆጥቶ የሚተወኝ መስሎኝ ነበር። አባዬን አለማወቅ! መጀመሪያ ቁጥሩን አስዘጋ፤ ቀጥሎ እጄን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ።

«ሌባውን አይተሽዋል?» አለኝ ሳጅኑ።

«አላየሁም» ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ምላሴ መች አርፎ ይቀመጣል! «ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው» አልኩ። ደስ ብሎት ሲጽፍ ሳየው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ጨመርኩለት።

«ጎበዝ! ምስክር ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። አባዬ በኩራት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ልንወጣ ስንል ሳጅኑ «ቆዩ እንጂ፣ ይሄን ልጅማ እናውቀዋለን» ብሎ ሁለት ፖሊሶች ላከ።

የአባዬን እጅጌ ጎተትኩ። «አባዬ፣ ራሴን አሞኛል፣ ቤት እንሂድ።»

«ሌባሽን ሳናይ የት ይኬዳል? ቁጭ በይ!»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የአባዬን ፊት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ሳጅኑም «አይዞሽ፣ አትፍሪው» አለኝ።

ከጓሮ በኩል ጩኸት ተሰማ። ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ደግፈው አስገቡ። አይቼው አላውቅም። ጠባሳ የለውም፤ ቅንድቡ ግን ተተርትሮ ገና ደም ያንጠባጥባል።

ሳጅኑ ገፋ አደረገው።

«እህቴ፣ በናትሽ ማሪኝ» አለ ልጁ። «ስልክሽን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።»